ለእንግዳ፣ ለስፌትና ለጥናት አንዲት ክፍል ትበቃለች?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። የምኖረው ጅማ፣ ሂርማታ ነው። ቤታችን የጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው። 3 ሜትር በ3.20 የሆነች ትርፍ ክፍል አለችን፤ እስካሁን የተሰበረ ወንበርና ባዶ ጀሪካን ማጎሪያ ነበረች። አሁን ሦስት ሥራ ልሰጣት አስቤያለሁ። አማቴ ለሐኪም ክትትል በየሁለት ሦስት ወሩ ከአጋሮ ሲመጡ ያድሩባታል፤ እኔ ልብስ እሰፋባታለሁ (በእግር የሚረገጥ ሲንጀር አለኝ)፤ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል የገባው ልጄም ያጠናባታል። መስኮቷ አንድ ነው፣ ከበሩ ትይዩ። ባለቤቴ የሚዘረጋ ሶፋ አልጋ እንግዛ እያለኝ ነው፤ እኔ ብሩ ውኃ እንዳይበላው ፈራሁ። ምን ትላላችሁ?

የመጅሊስ ወዳጅ፦ ሶፋ አልጋውን ተዪው እህቴ። እኛ ገዝተን ዓመት ሳይሞላው ብረቱ ተንጋደደ፤ የተኛበት ሁሉ ወገቤን ይላል። መጅሊስ አሠሪ። ቀን ደንበኞችሽ ይቀመጡበታል፣ ማታ ሁለት ስፖንጅ ገጥመሽ ታነጥፊዋለሽ። ስፖንጁን ግን ወለል ላይ በቀጥታ እንዳታደርጊው። የጅማን ክረምት ታውቂዋለሽ። እኛ አንድ ቀን ለጽዳት ገልበጥ ስናደርገው ከሥሩ ጥቁር ሻጋታ ካርታ ሠርቶ አገኘነው። ሽታው እስከ ጥቅምት አልለቀቀንም።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ፣ ግን አማቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሶላታቸውን እንኳ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የሚሰግዱት። ከወለል ማን ያነሣቸዋል?

የመጅሊስ ወዳጅ፦ እንዲያ ከሆነማ ሐሳቤን አንሥቻለሁ።

አናጢው፦ ለእሳቸው የሚሆነው እውነተኛ አልጋ ነው። ቤትሽ ውስጥ ሳይቸገሩ የሚነሡበትን ወንበር በሜትር ለኪው፤ አልጋው ከነፍራሹ ከዚያ ትንሽ ከፍ ይበል፣ ሲቀመጡበት ይሰረጉዳልና። ብዙ ጊዜ 50 ሴንቲ አካባቢ ይመጣል። ያ ቁመት ከሥሩ መሳቢያ ያስገባልሻል፤ ጨርቅሽ ሁሉ እዚያ ይገባል፣ ቁምሳጥን አያስፈልግሽም። ከፍራሹ ሥር ድፍን ቺፑድ እንዳያደርጉልሽ፤ ርብራብ ይሁን፣ አየር ይግባበት። ቺፑድ እርጥበት ሲነካው ያብጣል። አልጋውንም ከግድግዳው አራት ጣት ያህል አርቂው።

ለልጁ ከግድግዳ ጋር የሚታጠፍ ጠረጴዛ ይሠራል፤ ከወለል 75 ሴንቲ ከፍታ፣ 45 ሴንቲ ወርድ ይበቃዋል። ችግሩ ግድግዳሽ ነው። ጭቃ ፊሸር (ብሎን የሚገባበትን ፕላስቲክ) አይዝም፣ ልስኑን ይዞ ይወርዳል። ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ እያንኳኳሽ ሂጂ፤ ድምፁ ደረቅና ድፍን የሚልበት ቦታ ከጭቃው ውስጥ ያለው ቋሚ እንጨት ነው። ሁለት ቋሚ ላይ አንድ ወፍራም ጣውላ አግድም ይመታ፣ ማጠፊያው እሱ ላይ ይታሰር። እና እባክሽ፣ የታጣፊው ጠረጴዛ ላይ የስፌት መኪና የሚባል ነገር እንዳይወጣ! ንዝረቱ ብሎኑን በወር ውስጥ ያላላዋል። ሲንጀርሽ የራሱ እግር ስላለው ተመስገን በዪ።

ልብስ ሰፊ ነበርኩ፦ መኪናውን መስኮቱ ጋ አድርጊው፣ ብርሃኑ ከግራሽ እንዲመጣ። መርፌው በግራሽ በኩል ስለሆነ የእጅሽ ጥላ አይጋርድሽም።

አልጋው ላይ ጨርቅ ዘርግተሽ ግን አትቁረጪ። ታደርጊዋለሽ፣ አውቃለሁ፣ ሁላችንም አድርገነዋል። አንድ ጊዜ የባሌ አጎት ከመንገድ ደክመው መጥተው ገና አረፍ ሲሉ ስፒል ጎናቸውን ወጋቸው። ለአምስት ዓመት የሠርግ ወሬ ሆኜ ቀረሁ። ከተበላሸ ስፒከር ማግኔቱን አስወጥተሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ ያዢ፤ ሥራ ስትጨርሺ ፍራሹንም ወለሉንም ዳብሺበት። የሚለቅመው ያስደነግጥሻል።

መብራት ሠራተኛ፦ መርገጫው የኤሌክትሪክ ስላልሆነ መብራት ቢጠፋም ትሠሪያለሽ። የሚያሳስበኝ ካውያው ነው። 2000 ዋት የሆነ ካውያ በ220 ቮልት ወደ 9 አምፔር ይስባል፤ በቀጭን ማከፋፈያ ላይ ከሌላ ነገር ጋር አይሰካም። የማከፋፈያው ገመድ ተጠቅልሎ እያለ ከሆነማ ይባስ፣ ይግላል። ለካውያው ብቻ ከግድግዳው ሶኬት ይኑርሽ። መብራት ሲጠፋ በከሰል ካውያ የምትተኩሺ ከሆነ ደግሞ ውጭ በረንዳ ላይ፣ ሰው በሚተኛበት ክፍል በፍጹም።

የሦስት ልጆች እናት፦ ሁላችሁም ስለ ዕቃው አወራችሁ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ አማትሽ በሚያድሩበት ማታ ልጁ የት ያጠናል? አዛውንት ሁለት ሰዓት ላይ ይተኛሉ፤ የ12ኛ ክፍል ልጅ ገና መጽሐፉን የሚገልጠው ያን ጊዜ ነው። ስፌቱ ቀን ነው፣ እንቅልፉ ማታ፤ ሁለቱ አይጋጩም። ጥናቱና እንቅልፉ ግን በአንድ ሰዓት ነው የሚገናኙት። የልጁን ጠረጴዛ ሳሎን ውስጥ አንድ ጥግ ስጪው።

ጠያቂ፦ ይህንን አላሰብኩትም ነበር። ባለፈው ሲመጡ ልጁ ወጥ ቤት በርጩማ ላይ ተኮራምቶ ሲያጠና እንዳደረ አሁን ነው ትዝ ያለኝ።

አናጢው፦ የጅማ በርጩማ ለቡና ነው የተፈለፈለው፣ ለሒሳብ አይደለም። መደገፊያ ያለው ወንበር ስጪው። ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ የሚታጠፈው ጠረጴዛ ሳሎን ይሁን።

ጠያቂ፦ እሺ፣ ክፍሏ የስፌትና የእንግዳ ብቻ ትሁን። ለአልጋው ባሕር ዛፍ ወይስ ዋንዛ?

አናጢው፦ አቅምሽ ከቻለ ዋንዛ፤ ቀላል ነው፣ አይጣመምም። ባሕር ዛፍ ከሆነ የደረቀውን ብቻ፤ እርጥቡ ቤት ከገባ በኋላ ነው የሚሰነጠቀው። ግን አማትሽ ለብቻቸው ነው የሚመጡት?

ጠያቂ፦ ኧረ የት! አንዲት የልጅ ልጅ አትጠፋም።

አናጢው፦ እንግዲያው ወርዱ 90 ሴንቲ የሆነ አልጋ እንዳይሆን። 1.20 ሜትር ይሁን።