የትራያል ሞተር የማፕ ስዊች ለውጡ ይታወቃል ወይ?

የጠባሴ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በቅርቡ ያገለገለ ቱ ስትሮክ ትራያል ሞተር (ድንጋይና ዳገት ለመውጣት የተሠራ) ገዝቻለሁ፣ 250 ሲሲ ነው። መሪው ሥር አንዲት ትንሽ ስዊች አለች። ባንድ በኩል ፀሐይ፣ በሌላው ዝናብ ተሥሎባታል። የኢግኒሽን ማፕ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ የሚወስነው ቅንብር) መቀየሪያ ናት አሉኝ። በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳልሰጠው፣ ሳዳምጠው ድምፁ አንድ ነው። ሜዳ ላይም ስነዳው ልዩነቱ አልታወቀኝም። በሬሳ ወንዝ ዳር ያለው ድንጋይ ሲረጥብ የኋላ ጎማው ባዶውን ይሽከረከርብኛል፤ ተስፋ ያደረግኩት ይቺን ስዊች ነበር። እውነት ለውጥ ታመጣለች? ወይስ ሽቦዋ ተበጥሶ ነው?

ታርማበር
እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። ለውጥ አላት፤ የፈለግከው ግን በሌለችበት ቦታ ነው።

ካንዴላው እሳት የሚሰጠው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። የዝናቡ ማፕ ይህን ጊዜ ያዘገየዋል። እሳቱ ሲዘገይ ግፊቱ ይለዝባል፣ ሞተሩም ዙር የሚያነሳው ቀስ ብሎ ነው። በሚኒሞ ላይ ሁለቱ ማፖች ብዙ ጊዜ ተቀራራቢ ናቸው። የሚለያዩት ነዳጅ ሰጥተኸው ዙሩ ከፍ ሲል ነው። ስለዚህ ቆመህ ብታዳምጥ ምንም አትሰማም። ሜዳ ላይም በዝግታ ስትነዳ ያው ነው።

እንዲህ አድርገህ ሞክረው። ሞተሩን በደንብ አሙቀው። እርጥብ ሣር ያለበት ዳገት ፈልግ። በሁለተኛ ማርሽ፣ ከዳገቱ ግርጌ ላይ ነዳጁን ባንዴ ክፈተው። ስዊቿን ጓደኛህ ይቀይራት፣ የትኛው ላይ እንዳደረጋት ግን አይንገርህ። ይህ ዋና ነገር ነው፤ እያወቅክ ከሞከርክ ጆሮህ የጠበቀውን ነው የሚሰማው። በአንደኛው ጎማው ቶሎ ከያዘ፣ በሌላው ደግሞ አፈሩን ወደ ኋላ ከረጨ፣ ስዊቿ እየሠራች ነው።

ጋራዥ ሰፈር
ታርማበር ያለው ትክክል ነው። እኔ ግን ከስዊቿ በፊት ካርቡሬተሩን ነው የማየው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲተያይ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሞተሩ ከውጭ ሲመጣ የነበረው ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍባት ባለ ቁጥር ቀዳዳ) ካልተቀየረ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላውን ፍታና እየው። ጫፉ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ፣ ማርሚታውም ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ፣ ዋናውን ጄት አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ዝቅ አድርገው። ቤንዚን የታፈነ ሞተር በሁለቱም ማፕ ደንዛዛ ነው፤ ልዩነቱ ያልታወቀህ በዚህም ሊሆን ይችላል።

ደግሞ አስበው፣ ከፍታው ራሱ ጉልበቱን ቀንሶልሃል። ቆላ ያለ ሰው በዝናብ ማፕ የሚያገኘውን ልስላሴ አንተ በከፊል በፀሐዩም ታገኘዋለህ።

የጠባሴ ልጅ
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካንዴላውን ፈታሁት፣ ጥቁር ነው፣ ዘይትም አለው። ጄቱን አስቀይራለሁ። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሸዋ ሮቢት የመውረድ ሐሳብ ነበረኝ። ችግር አለው?

ከሸዋ ሮቢት
አለው! እባክህን ይህንን አትለፈው። እኛ ያለነው 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ሙቀቱንም ታውቀዋለህ። ለደብረ ብርሃን ያሳነስከውን ጄት ይዘህ ከወረድክ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል። ቱ ስትሮክ ደግሞ የሚቀባው ከቤንዚኑ ጋር በሚገባው ዘይት ነው። ይሞቅና ፒስተኑ ይነክሳል። የድሮውን ጄት ኪስህ ውስጥ ያዝ፤ እዚህ ስትደርስ፣ ከመንዳትህ በፊት ቀይረው። የዝናቡ ማፕ ከዚህ አያድንህም። እንዲያውም እሳቱ ሲዘገይ ማርሚታው የበለጠ ይግላል፤ ለረጅም ዳገት በእሱ ላይ አትቆይ።

መንዝ ላይ
ስለሚሽከረከረው ጎማ ማንም አልጠየቀህም። ስንት ንፋስ ነው ያስገባህበት? ጎሚስታው እንደ መንገድ ሞተር ከነፋልህ የትኛውም ማፕ አይረዳህም። የትራያል የኋላ ጎማ ለድንጋይ ከ4 እስከ 5 ፒኤስአይ ነው የሚፈልገው። በእጅህ ስትጫነው ሆዱ ገባ ይላል፣ ድንጋዩንም አቅፎ ይይዘዋል። አስፋልት ላይ ግን በዚህ ንፋስ አትሩጥበት። እዚህ እኛ ጋ ክረምት ላይ መረሬው ሲጨቀይ ከስዊቿ ይልቅ ይህ ነው ቀኑን የሚያሳልፍልኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ፍሪሲዮን በአንድ ጣት ማለስለስ የለመደ ሰው የዝናቡን ማፕ የሚያበራው ሲደክመው ነው። ለጀማሪ ግን በጣም ትጠቅማለች፤ እጅ ሳያውቅ ነዳጅ ሲከፍት ሞተሩ አይዘልበትም።

የጠባሴ ልጅ
የእኔ ከ20 በላይ ነበረ! አሁን አስተነፈስኩት። ሽቦዋንስ እንዴት ላረጋግጥ?

ጋራዥ ሰፈር
ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የስዊቿን ሶኬት ንቀል። ቴስተሩን በድምፅ አድርገህ ሁለቱን የስዊች ሽቦዎች ንካ። በአንዱ በኩል መጮኽ፣ በሌላው ዝም ማለት አለበት። በሁለቱም ከጮኸ ወይም በሁለቱም ዝም ካለ ስዊቿ ሞታለች፤ አንድ ማፕ ብቻ ነው የቀረህ። ስዊቿ ደህና ከሆነች ደግሞ መሪው ሲዞር ሽቦው የሚታጠፍበትን ቦታ በጣትህ እየዳሰስክ ፈትሽ፣ ላስቲኩ ሳይቀደድ ውስጡ የሚበጠሰው እዚያ ጋ ነው።