የወቅቱ የመጨረሻ የስኪ ቀን፦ በስንት ሰዓት ልጀምር፣ መቼስ ላቁም?

ጥያቄ

የተከበራችሁ የስኪ (በእግር በሚታሰር ረጅም ሰሌዳ በበረዶ ላይ የመንሸራተት) ወዳጆች፣ ፀደይ እየተቃረበ በመሆኑ የምንንሸራተትበት ተራራ በመጪው እሑድ ለዘንድሮ ይዘጋል። ባለፈው ዓመት የመጨረሻውን ቀን እንደተመኘሁት አላሳለፍኩትም። ማልጄ ስደርስ ተዳፋቱ እንደ መስታወት ጠንክሮ የስኪዬ ጠርዝ አልይዝልኝ አለ፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ በረዶው ከሥር እየያዘ ሁለት ጊዜ ወደ ፊት ደፋኝ፤ በሁለተኛው ውድቀት ጉልበቴ ተጎድቶ ለሦስት ሳምንታት ደረጃ መውጣት ከብዶኝ ነበር። ይህ ቀን ካለፈ እስከሚቀጥለው በረዶ ድረስ ብዙ ወራት መጠበቅ ግድ ስለሚሆን፣ ዘንድሮ እንዳይበላሽብኝ እሰጋለሁ። በስንት ሰዓት ብጀምር ይሻላል? ስኪውንስ እንዴት ላዘጋጀው?

የመጀመሪያ መልስ

ውድ ጠያቂ፣ ጠዋትና ከሰዓት ሁለት የተለያዩ በረዶዎች የገጠሙዎት ይመስላል እንጂ በረዶው ያው አንዱ ነው። በዚህ ወቅት ፀሐይ ቀን ቀን የላይኛውን ንጣፍ ታቀልጠዋለች፤ ሌሊት ደግሞ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ውሃ መልሶ እየረጋ እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ይህ ለቀናት ሲደጋገም ባለ ስድስት ጫፉ የአዲስ በረዶ ቅርፅ ይጠፋና ክብ ክብ፣ ሻካራ ቅንጣት ይተካዋል። ማለዳ የጠነከረብዎት ይኸው የተጣበቀ ንጣፍ ነው፤ የላዩ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲላላ ግን፣ እንደ እኔ እምነት፣ ከዓመቱ በረዶ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ዘገን አድርገው ቢያዩት እንደ ሻካራ ጨው በጣቶችዎ መካከል ይፈሳል፤ ጨብጠው ሲጨምቁት ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን ሰዓቱ አልፏል።

ስለዚህ የመነሻዎን ሰዓት የሚወስነው ያደረው ሌሊት ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ካደረ በረዶው ሙቀቱን ወደ ላይ ስለሚለቅ፣ አየሩ ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ ጥቂት ከፍ ቢል እንኳ ፊቱ ይረጋል፤ ደመና ካደረ ግን ደመናው ሙቀቱን መልሶ ወደ መሬት ስለሚልከው፣ በረዶው በደንብ ሳይረጋ ያነጋና ገና በጠዋቱ ይላሽቃል። ቅዳሜ ማታ ወጥተው ሰማዩን ይመልከቱ። ከዋክብት ከታዩ መቸኮል አያስፈልግም፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ቀድማ በምታገኘው በምሥራቅ ፊት ተዳፋት ይጀምሩ፣ በረዶው መላላት ሲጀምር ወደ ደቡቡ፣ በመጨረሻም ወደ ምዕራቡ ይዙሩ። ይህን የምለው በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ላለ ተራራ ነው።

ሁለተኛ መልስ

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ ላይ ስለ ውድቀትዎ አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ፊት የደፋዎት በስኪው ሥር የተጠራቀመው ውሃ ይመስለኛል። እርጥብ በረዶ ላይ ውሃው ቀጭን ሽፋን ሠርቶ የስኪውን ሥር ይመጠዋል፤ ስለዚህ ለሞቃት በረዶ የተሠራ ሰም ከመቀባት በተጨማሪ፣ በስኪው ሥር ላይ ውሃውን የሚያስወጡ ደቃቅ ቦዮች ቢወጡለት መልካም ነው። ይህን የስኪ ጥገና ባለሙያ በአጭር ጊዜ ይሠራዋል።

የበረዶውን ቀለምም ልብ ይበሉ። ንጹሕ አዲስ በረዶ ከሚያርፍበት የፀሐይ ብርሃን ከ80 እስከ 90 በመቶውን ይመልሳል፤ አቧራና የዛፍ ቅርፊት የተበተነበት አሮጌ በረዶ ግን ከዚያ የበለጠ ብርሃን ስለሚያስቀር ቶሎ ይቀልጣል። ከነጩ ወደ ጠቆረው ሲሻገሩ ስኪው ድንገት ፍሬን የያዘ ያህል ይቆማል። ከመድረስዎ በፊት ጉልበትዎን አጠፍ፣ አንድ እግርዎን ትንሽ ቀደም ያድርጉ።

ጠያቂው

ከልብ አመሰግናለሁ፤ ያ የወደቅሁበት ቦታ በእርግጥ ከጥዶቹ ሥር የጠቆረ ነበር። አንድ ነገር ግን ይቀረኛል፦ ጓደኞቼ ወደ ተራራው አናት የሚያወጣን ሊፍት እስከሚዘጋበት እስከ 10 ሰዓት ድረስ ቆይተን የመጨረሻውን ቁልቁለት አብረን እንድንወርድ ይፈልጋሉ።

ሦስተኛ መልስ

ስሜታቸው ይገባኛል፤ እኔም ለዓመታት እንዲሁ አደርግ ነበር። ይሁን እንጂ ጉልበትዎ አንድ ጊዜ የተጎዳ በመሆኑ እንዲህ አይሁን እላለሁ። አዲስ የወረደ በረዶ በሜትር ኩብ 100 ኪሎ ግራም ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ሲመዝን፣ የፀደዩ እርጥብ በረዶ ከ400 እስከ 500 ይደርሳል፤ ከሰዓት በኋላ በደከመ እግር ስኪውን በዚያ ውስጥ ማዞር ጉልበትን ይጠመዝዛል። አብራችሁ የምትወርዱትን ቁልቁለት 6 ሰዓት ላይ አድርጉትና ከዚያ በኋላ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ከተከለለው መንገድ ውጭ የሚወጣ ካለ ደግሞ፣ ጫማው ከቁርጭምጭሚት በላይ መስመጥ ሲጀምር ወይም የበረዶ ድብልብሎች በራሳቸው ወደ ታች ሲንከባለሉ ካየ፣ የእርጥብ በረዶ ናዳ ሊመጣ ስለሚችል ያን ተዳፋት ወዲያውኑ ይልቀቅ።

ማታ ቤት ሲገቡ ስኪውን እርጥብ እንደሆነ በከረጢቱ አያስቀምጡት፤ የብረቱ ጠርዝ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይዝጋል። ቆሻሻውን ጠርገው ያድርቁት፣ ሰም ወፈር አድርገው ቀብተው ሳይፍቁ ይተዉት፤ የጫማውን የውስጥ ልባስ አውጥተው ካደረቁ በኋላ መልሰው ማቀፊያዎቹን ላላ አድርገው ይቆልፉ። ሰሙን የሚፍቁት በሚቀጥለው ወቅት የመጀመሪያ ጠዋት ነው።