ለዌክቦርድ ጀልባ የውሃ ባላስት ሳጥን እቤት መሥራት፦ ወለሉን ቀድጄ ቆሜያለሁ፣ እርዱኝ

ሐይቅ ዳር

ሰላም ለዚህ ቤት። ከሐይቅ ከተማ ነኝ፣ ወሎ። አምስት ሜትር ከሃያ የምትሆን ያገለገለች የፋይበር ግላስ ጀልባ አለችኝ፣ ከኋላዋ 60 የፈረስ ጉልበት ሞተር ተንጠልጥሎባታል። ባሕር ዳር ከነበረ ሰው ገዝቼ በአይሱዙ ጭኜ ነው ያመጣኋት (ያ ጉዞ ራሱን የቻለ ወሬ ነው፣ ይቅር)። ቅዳሜና እሁድ እንግዳ አዞርባታለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ከአረብ አገር ሲመጣ ዌክቦርድ ይዞ መጣ። ለማያውቅ፣ ሰፊ ሳንቃ ነው፣ ሁለት እግርህ ይታሰርበታል፣ ጀልባዋ በገመድ ትጎትትሃለች፣ ከኋላዋ የምትጥለውን ሞገድ መንደርደሪያ አድርገህ ትዘላለህ። የኛዋ ግን ቀላል ስለሆነች የሚረባ ሞገድ የላትም። ወንድሜ "ይሄ ሞገድ ነው ወይስ ሻይ እያማሰልክልኝ ነው?" እያለ ሲያበሽቀኝ ከረመ።

ስለዚህ በውሃ ክብደት ዝቅ ብላ ትልቅ ሞገድ እንድትጥል (ባላስት የሚሉት ይሄንን ክብደት ነው) ከኋላ ወለሉ ስር ግራና ቀኝ ሁለት ሳጥን ልሠራ አሰብኩ፣ ከኮምፔንሳቶና ከሬዚን፣ እያንዳንዱ 200 ሊትር የሚይዝ፣ በፓምፕ ከሐይቁ የሚሞላና የሚደፋ። ባለፈው ሳምንት በግራይንደር የግራውን ወለል ቀደድኩት። ስር ቢጫ ፎም ታጭቆ አገኘሁ። ግማሹን ፍቄ አውጥቼ ሁለት ማዳበሪያ ሞላሁ። አሁን ግቢ ውስጥ ሆዷ ተከፍቶ ሳያት ፍርሃት ፍርሃት ይለኛል።

ጥያቄዬ፦ ሳጥኑን በምን ልሥራው? የቀረውን ፎም ላውጣው? እንዳያንጠባጥብስ?

ባለብየዳው፣ ኮምቦልቻ

አብሽር ወንድሜ። ላሜራ ብለህ ብትመጣልኝ ሥራ ነበር፣ ግን አልመክርህም። የሁለት ሚሊ ላሜራ ካሬ ሜትሩ 16 ኪሎ ገደማ ነው፣ ውሃ ሳትጨምርበት ሳጥኑ ብቻ ይከብድሃል፣ ከዚያ ከውስጥ ይዝጋል፣ ውስጡን ደግሞ ቀለም መቀባት አትችልም። አሉሚኒየም ጥሩ ነበር፣ በአርጎን የሚበይድልህና የማያፈስ ስፌት የሚያወጣልህ ሰው ካገኘህ።

ሌላው፣ ሬዚን ደሴ ወስደህ እንዳትሠራ። የደሴ ብርድ አያደርቀውም፣ እንደ ማር ሆኖ ነው የሚያድረው። ኮምቦልቻ ቀን ላይ ሥራው፣ ጭስ በማይታፈንበት ቦታ፣ ጭምብል አድርገህ።

የሸራዋ፣ ደሴ

እኔ የመኪና ሸራ ነው የምሠራው፣ ጀልባ ላይ አንድ ቀን ነው የወጣሁት፣ እሱም አስታወከኝ። ግን ሳጥን ለምን አስፈለገህ? ከወፍራም የፕላስቲክ ሸራ ከረጢት ይሠራል። በመርፌ ከተሰፋ በየቀዳዳው ያንጠባጥባል፣ በሙቅ አየር ማሽን ግን ሁለቱ ጠርዝ ቀልጦ አንድ ይሆናል። አፉ ላይ የቱቦ መቀጠያ ይገባለታል። ስትጨርስ አጣጥፈህ ቤት ታስገባዋለህ፣ ወለሉም ሳይነካ። መቼም ቀደድከው።

ሻርጃ የነበርኩ

ወንድሜ ቆም በል። ግራይንደሩን አስቀምጠውና ይህን አንብብ፣ ትንሽ ይረዝማል።

እዚያ አገር የጀልባ ጋራዥ ውስጥ ዓመታት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ፎሙ። "ቦታ የያዘ ቆሻሻ" መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። ጀልባዋ ውሃ ብትሞላ ሞተሩን፣ ባትሪውን፣ አንተን ተሸክሞ ላይ የሚያቆያት እሱ ነው። 100 ሊትር ፎም ውሃ ውስጥ ከ95 ኪሎ በላይ ያነሳል። አንተ ሁለት ማዳበሪያ አውጥተህ በቦታው ክብደት ልታስገባ ነው። የቀረውን አትንካው። ያወጣኸውን እጅህ ላይ ጨምቀው፣ ውሃ ከጠባ ጣለው፣ ደረቅ ከሆነ መልሰው። የግንባታ ዕቃ ሱቅ የሚሸጠውን፣ በርና መስኮት ዙሪያ የሚነፋውን ፎም ግን እንዳታስገባ፣ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ምንም ካጣህ የሁለት ሊትር ባዶ ሃይላንድ ክዳኑን በሙጫ አጥብቀህ ደርድርበት። የሚሳቅበት ነገር ይመስላል፣ ግን ይሠራል።

ሁለተኛ፣ 400 ሊትር ማለት 400 ኪሎ ነው። አምስት ስድስት ሰው። ይህን ክብደት ከኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ፣ በአንዲት አምስት ሜትር ጀልባ ላይ! የጀልባህን ታርጋ አይተሃል? አሜሪካ የተሠራች ከሆነች ከ20 ጫማ በታች ያለች የሞተር ጀልባ የምትችለው ጭነት ልኩ የተጻፈባት ታርጋ ትለጠፍባታለች፣ አብዛኛውን ጊዜ መሪው አካባቢ። ፈልጋት።

ሦስተኛው ሰው የማይነግርህ ነው። ጀሪካን በጀርባህ ተሸክመህ ታውቃለህ? ሙሉው ይከብዳል እንጂ ዝም ይላል። ግማሹ ነው የሚያንገዳግድህ፣ ወደ ግራ ስትል እሱ ቀድሞህ ግራ ይሄዳል። ግማሽ የሞላ ሰፊ ሳጥንም እንደዚያው ነው። ስትታጠፍ ውሃው በሙሉ ወደ አንድ ጎን ይሮጣል፣ ጀልባዋ ታጋድላለች፣ ባጋደለች ቁጥር ሌላው ይከተላል። ስለዚህ ሳጥን ስትሠራ ጠባብ አድርገው፣ ውስጡን ከታችና ከላይ ቀዳዳ ባለው ሳንቃ ክፈለው፣ ስትጓዝም ወይ ጢም ብሎ ይሙላ ወይ ባዶ ይሁን።

አሠራሩን ካልተውክ፦ ውሃ የማይለየው ሙጫ ያለበት ኮምፔንሳቶ። ፋይበር ግላስ ሹል ማዕዘን ላይ አይተኛም፣ አየር ይይዛል፣ ስለዚህ በየውስጥ ማዕዘኑ በደቃቅ ሰጋቱራ ያወፈርከውን ሬዚን በጣትህ አዙረህ አለስልስ፣ ከዚያ ሁለት ድርብ አልብሰው። ለእንጨት ኢፖክሲ የሚባለው ሬዚን ፖሊስተር ከሚባለው ይሻላል፣ ፖሊስተር ቆይቶ ይላቀቃል። ከጀልባዋ ገላ ጋር የሚገናኘውን ቦታ እስኪሻክር በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው። ጀልባዋ ላይ ከመግጠምህ በፊት ሳጥኑን መሬት ላይ ሙላውና አሳድረው። ጠዋት ስሩ ያለው አፈር ደረቅ ከሆነ ቡናህን ጠጥተህ ሥራህን ቀጥል። ስትገጥመው ደግሞ ወለሉ ላይ ሳይሆን ወለሉ ስር በቁመት የሚሄዱትን አጥንቶች ይዞ ይታሰር።

የአየር መውጫ ቱቦ አትርሳ። እሱ ከሌለ ፓምፑ ሳጥኑን ይነፋዋል፣ ስትደፋ ደግሞ ያጨማድደዋል። መውጫው ከውሃው መስመር በላይ፣ ከፍ ብሎ ይሁን። ለመሙያ ብለህ ከታች ገላዋን አትብሳ፣ ገላዋን ከበሳህ ሳራቺኔስካ (የውሃ መዝጊያ) እና የዕድሜ ልክ ጭንቀት ነው። ባለ 12 ቮልት ፓምፕ በጎን አንጠልጥለህ ሙላ፣ በዚያው ድፋ። በሰዓት 3,000 ሊትር የሚገፋው ትንሹ ይበቃል። ፊውዝ አድርግለት። ቤንዚን ጋኑ አጠገብ ግን አታስቀምጠው፣ የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ስር ገብቶ ይተኛል፣ አንድ የእሳት ብልጭታ ይበቃዋል።

መርሳ ላይ

ጥያቄ አለኝ ጋሼ። ውሃ ውሃ ላይ አይከብድም ይባላል። ታዲያ ምን ያሰጋል?

ሻርጃ የነበርኩ

ግማሹ እውነት ነው። ጀልባዋ ከሰመጠች በኋላ የሳጥኑ ውሃ ወደ ታች አይጎትታትም፣ ለዚህ ነው ከአሸዋ፣ ከሲሚንቶና ከብረት የሚሻለው። ከመስመጧ በፊት ግን ዝቅ የሚያደርጋት እሱ ነው፣ የኋላ ከንፈሯ ወደ ውሃው ይቀርባል፣ አንዲት ሞገድ ስትዘል ትገባለች። ጋዝ በድንገት ስትለቅ የራሷ ሞገድ ከኋላ ደርሶባት የገባባትን አይቻለሁ።

የጣና ልጅ

ጀልባዋ ከባሕር ዳር መጣች አልክ? የእንቦጭ ነገር! ጣናን ምን እንዳደረገው ታውቃላችሁ። ፍሬው ጭቃ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ወለል ስር፣ ፎሙ ጥግ፣ ተጎታቹ ላይ የደረቀ ጭቃ ካለ ሐይቅ ሳትገባ እጠባት፣ እጣቢውም ወደ ሐይቁ አይፍሰስ፣ ፀሐይ ላይ ትድረቅ። ባላስት ሳጥን ደግሞ ለዚህ ከሁሉም የባሰ ነው፣ ሁሌም ከስሩ የማይወጣ ትንሽ ውሃ ይቀራል። ወደ አርዲቦ ሐይቅ ይዘሃት ብትወጣም ያው ነው፣ የአርዲቦ ውሃ በአንካርካ ወንዝ አድርጎ ሐይቅ ነው የሚገባው። ሐይቅ ደግሞ በላይ የሚወጣ ወንዝ የለውም፣ የገባበት ነገር እዚያው ይቀራል።

ሐይቅ ዳር

እንቦጩ አስደነገጠኝ። እውነት ለመናገር ስትመጣ የላይ የላዩን ነው ያጠብኳት፣ እድሜ ለናንተ ዛሬ ወለሉ ስር ያለውን ጭቃ በማንኪያ ለቅሜ አቃጠልኩት።

ታርጋዋን አገኘኋት፣ የድሮው ባለቤት ቀለም ቀብቶባታል። "ሰው፣ ሞተርና ዕቃ 1,400 ፓውንድ" ትላለች። 635 ኪሎ መሆኑ ነው። 400 ሊትሩ ይገባል ማለት ነው?

ሻርጃ የነበርኩ

የኔ ወንድም፣ ሞተሩም በውስጡ ነው። አብረን እንቀንስ። ሞተሩ 110 ኪሎ ገደማ። ባትሪ፣ ነዳጅ፣ ጃኬት፣ መልህቅ 60 በል። 465 ቀረህ። የሚነዳ፣ ወደ ኋላ የሚያይ፣ የሚጋልብ፣ አንድ ተረኛ፣ አራት ሰው በ70 ኪሎ 280 ነው። የሚጋልበው ውሃ ላይ ነው ብለህ እንዳትቀንሰው፣ ሲደክመው ይወጣል። የቀረህ 185 ኪሎ ነው። እኔ 150 ላይ አቆማለሁ።

ለ150 ሊትር ደግሞ ወለል መቅደድ አያስፈልግም ነበር። ሃምሳ በሃምሳ በሠላሳ ሳንቲ የሆኑ ሁለት ነገሮች ናቸው። መጀመሪያ በጀሪካን ሞክረው። ስምንት ጀሪካን፣ ሙሉ፣ በገመድ የታሰረ። የትኛው ቦታ እንደሚስማማት እሷው ትነግርሃለች። ሁሉንም ከኋላ ካደረግክ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፣ ጥቂቱን ወደ ፊት ስታመጣ ይለጠጣል።

ደግሞ ከፍታውን አትርሳ። ሐይቅ ከባሕር ጠለል ከ1,900 ሜትር በላይ ነው። ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፣ ስለዚህ የአንተ 60 እዚያ 50 እንኳ አይሞላም። ጭነት ስትጨምርበት ቀና ብላ ለመሮጥ ትቸገራለች። ፕሮፔለሩን ጥርሱ ያነሰ፣ ማለቴ በአንድ ዙር አጭር መንገድ የሚሄደውን ብትቀይርላት ይቀላታል። ለዌክቦርድ በሰዓት ከ30 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ነው የምትፈልገው፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ያለ ገመድ ሞገዱ ላይ መንሸራተት የሚባለውን ግን በዚህች ጀልባ አታስቡት፣ ፕሮፔለሩ እግራችሁ ስር ነው።

ሐይቅ ዳር

ተሞከረ!

ስምንቱን ጀሪካን ከጎረቤት ለመንን፣ "ድግስ አለባችሁ እንዴ" ተባልን። ስድስት ከኋላ፣ ሁለት ከመሪው ፊት አሰርን። ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ ወጣን፣ ከገዳሙም ከዓሣ አጥማጆቹ ታንኳም ርቀን፣ ምክንያቱም አንድ ቀን ሞገዳችን የአንድ አባት ታንኳ ውስጥ ገብቶ መረባቸውን አራስን፣ የተናገሩትን እዚህ አልጽፈውም።

ሞገዱ ጉልበት ድረስ መጣ። ከቁርጭምጭሚት ጉልበት! ወንድሜ ሁለቴ ዘለለ፣ አንዴ በእግሩ አረፈ፣ አንዴ በፊቱ። ሞተሩ ግን ጋሼ እንዳሉት ለመነሳት አቃሰተ። ስንታጠፍ ከጀሪካኖቹ አንዱ ጎድሎ ኖሮ በየጥምዝዙ ቷ ቷ ሲል ይሰማል፣ የዚያ የግማሹ ነገር ያኔ ገባኝ።

ሳጥኑን ትቼዋለሁ። ደረቁን ፎም መልሻለሁ፣ የጎደለውን በሃይላንድ እየሞላሁ ነው፣ የሰፈር ልጆች ጠርሙስ ለቅመው ሲያመጡ ግቢው ሱቅ መስሏል። ወለሉን ባለብየዳው ጋ ኮምቦልቻ ወስጄ አስለብሰዋለሁ።

የሸራዋ እህቴ፣ ሁለት ከረጢት ትሠሪልኛለሽ? ሰባ አምስት ሰባ አምስት ሊትር።

የሸራዋ፣ ደሴ

እሠራልሃለሁ። ልኩን በሜትር ለክተህ ና፣ እንደ ሌሎቹ በስንዝር እንዳታመጣብኝ። የፓምፕህን ቱቦም ይዘህ ና፣ መቀጠያውን በእሱ ልክ ነው የማስገባው።