የጥናት ክፍሉ ረቂቅ ሐሳብ፦ የሐዋሳ አባላት ውይይት

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸውና። ስለ ሐዋሳና ስለ አካባቢዋ የተሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎች፣ የመስክ ማስታወሻዎችና የድምፅ ቅጂዎች የሚሰባሰቡበት የጥናት ክፍል እንከፍታለን። በየወሩ አንድ ጥናት ይቀርብበታል። መዋጮው ከየአባሉ 500 ብር፤ የሚገዛው መደርደሪያና ባለ ቁልፍ ቁም ሣጥን። አስተያየት እስከ ዓርብ።

አሞራ ገደል፦ ቁልፉ ማን ዘንድ ይቀመጣል?

ጸሐፊ፦ እኔ ዘንድ።

አሞራ ገደል፦ ያለፈውም አንተ ዘንድ ነበር።

ጡረተኛው መምህር፦ ስለ ቁም ሣጥን ከመጨቃጨቃችሁ በፊት ምን እንደምታቋቁሙ እወቁ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ስድስት ኪሎ ላይ ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ ያዙ፤ መጽሔቱም በዚያው ዓመት ተጀመረ። ተመራማሪ የሚሰበሰበው ሰነድ ካለበት፣ የሚከበረው ደግሞ ከሚታተምበት ነው። ረቂቁ ውስጥ መጽሔት የሚል ቃል አላየሁም።

አሞራ ገደል፦ ጋሼ፣ ሆይናትስኪም ቁልፍ ሳይኖራቸው አይቀርም።

የታቦር ጎረቤት፦ 2008 ዓ.ም. እንዴት እንደነበር ረሳችሁት? ኅዳር ላይ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ በዩኔስኮ ተመዘገበ፣ ሐምሌ ላይ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ከዚያ ወዲህ መጠይቅ የያዘ እንግዳ ከከተማዋ ጠፍቶ አያውቅም። የበዓሉን ዕለት ከዋክብት አይተው የሚወስኑት አያንቶዎች ስንት ጊዜ ተጠየቁ! የፓርኩ ሠራተኞች ስለ ቤት ኪራያቸው ለስንቱ ተናገሩ! መልሱ የት እንደደረሰ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። እኔም የቀዳሁትን ለማንም አልመለስሁም፤ ወቀሳው እኔንም ይነካል።

ሒሳብ ያዥ፦ ይህ የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። እኛ ለምን እንከፍላለን?

ጡረተኛው መምህር፦ የማኅበራዊ ጥናት መድረክ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲመሠረት ከዩኒቨርሲቲ ውጭ አልነበረም? ፖሊሲን በአደባባይ ለማወያየት ዩኒቨርሲቲን አልጠበቀም።

አሞራ ገደል፦ ቁልፉን ያነሣሁት ለቀልድ አይደለም። የፕሮጀክተሩን ነገር ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ጸሐፊ፦ ሌባ ልትለኝ ከሆነ በስሜ ጥራኝ።

አሞራ ገደል፦ ሌባ አላልሁም። ቁልፍ ይጠፋብሃል ነው ያልሁት።

ጸሐፊ፦ ስድስት ዓመት ያለ አበል ቃለ ጉባኤ የጻፍሁት ለዚህ ነበር? ቁልፉንም መዝገቡንም ውሰዱ።

ጥቁር ውኃ፦ የዕድራችን ሣጥን ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሦስት ሰው ካልተገናኘ አይከፈትም። እንዲያ እናድርግ።

የታቦር ጎረቤት፦ እትዬ፣ አንድ ተማሪ አንድ ጽሑፍ ሊያነብ ሲመጣ ሦስት ሽማግሌ ልንጠራለት ነው?

ጥቁር ውኃ፦ ሽማግሌ ያልሁት የለም። እኔም አንዷ እሆናለሁ።

አሞራ ገደል፦ ሦስት ቁልፍ ከሆነ ተስማምቻለሁ። ጸሐፊም ቅር አይበልህ፤ ከመካከላቸው አንዱ አንተ ትሁን።

ጸሐፊ፦ ረቂቅ ሁለት፦ ቁልፍ ሦስት። አሁን ወደ ሥራው። የመመረቂያ ጽሑፎችን ዝርዝር አዘጋጃለሁ ያለችው አባል የት ደረሰች? ኮምፒውተር እሰጣለሁ ያለውስ?

ሒሳብ ያዥ፦ ዓርብ አለፈ እኮ።

ጸሐፊ፦ አሁንም ሁለቱን እየጠበቅሁ ነው።

የታቦር ጎረቤት፦ ሰነድ እንዴት እንደሚመዘገብ ሳናውቅ ቁም ሣጥን መግዛት ምን ይጠቅማል? መጀመሪያ ስድስት ኪሎ ሄደን አሠራራቸውን እንይ።

ጥቁር ውኃ፦ የንጉሡን መኝታ ቤትም በዚያው እናያለን። የድሮው ቤተ መንግሥት እኮ ነው።

አሞራ ገደል፦ ምሳ ዝዋይ ላይ ዓሣ።

የታቦር ጎረቤት፦ የሐዋሳ ሰው ዝዋይ ወርዶ ዓሣ ሊበላ?

አሞራ ገደል፦ ታዲያ ሞጆ ላይ ጥብስ ይሁን። እኔ በምሳ አልጣላም።

ጡረተኛው መምህር፦ መጽሔቱስ?

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ ከጉዞው መልስ እንነጋገርበታለን። ረቂቅ ሦስት፦ የልምድ ልውውጥ ጉዞ ወደ አዲስ አበባ፤ አንድ ሚኒባስ ኪራይ፣ ምሳ፣ ለአስጎብኚ ስጦታ። ቁም ሣጥኑ ከተረፈው ይገዛል።

ሒሳብ ያዥ፦ የከፈሉት 19 ናቸው፤ 9,500 ብር ማለት ነው። ሚኒባሱ የሚይዘው 12 ሰው ነው። እነማን እንደሚቀሩ ጸሐፊ ይንገረን።