«አልሐምዱሊላህ» ስንት ነጥብ ነው? የጦሳ ሥር ቅሬዎች የጋራ ጥያቄ፣ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ በተስማማነው መሠረት ከጦሳ ተራራ ሥር ያሉት የሰፈራችን ቅሬዎች (ዕድሮቻችን) ለደሴ ከተማ አስተዳደር አንድ የጋራ ጥያቄ ያስገባሉ። ረቂቁን አንተ ጀምረው ስለተባልኩ ይኸው ጀመርኩ። ጊዜ የለንም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። በሰኔ የገባ ወረቀት «ለሚቀጥለው ዓመት እናየዋለን» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ይተኛል። ሚያዝያ ሳያልቅ ማድረስ አለብን።

ሐሳቤ ይህ ነው። በየቤቱ መጠይቅ እናዙር። በውሃ፣ በመንገድ፣ በቆሻሻና በቀበሌ ጉዳይ ምን ያህል ረክተዋል ብለን እንጠይቅ። ሰው ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይስጥ። አማካዩን አውጥተን ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘውን እናስቀድማለን። ምን ትላላችሁ?

የገንዘብ ያዡ ልጅ፦
ጋሼ፣ መጠይቁን ትናንት አሥር ቤት ይዤ ዞርኩ። አልሠራም።

መጀመሪያ የገባሁት ከመስጊዱ ጎን ያሉት እማማ ቤት ነው። ደጃፋቸው ላይ ሦስት ባዶ ጀሪካን ተደርድሯል። «በውሃው ምን ያህል ረክተዋል?» አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ስንት ልጻፍ? «አምስት ጻፊ ልጄ፣ ከዚህ የባሰም አይተናል።» ጎረቤታቸውን ጠየቅኩ። «ተመስገን ነው።» እሳቸውም አምስት። በአሥሩ ቤት ያገኘሁት አማካይ ቢታይ ከተማው ሽልማት ይገባው ነበር!

ወሎዬ ስለ ኑሮው ሲጠየቅ ፈጣሪውን አያማም። እኛ ስለ ቧንቧ ጠየቅን፣ ሰዉ ስለ ዕድሜው መለሰልን።

ተመልሼ እማማ ጋ ሄድኩና ጥያቄውን ቀየርኩት። «ባለፈው ሳምንት ውሃ ስንት ቀን መጣ? በስንት ሰዓት?» እማማ ወገባቸውን ያዙ። «አንድ ቀን። እሱም ሌሊት ስምንት ሰዓት። ቧንቧው ሲያፏጭ ነው የምነቃው። መጀመሪያ አየር፣ ከዚያ ቀይ ውሃ፣ ከዚያ ደህናው። ደህናው ሳይሞላልኝ ይሄዳል።» ከእሳቸው የወጣው ምሬት በአንድ ገጽ አላለቀም።

ጸሐፊው፦
እውነትሽን ነው። ከ1 እስከ 5 ቀርቷል። ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ብር ወጣ ብለን ብቻ እንጠይቅ። ቅዳሜ ስብሰባው ላይ ከነበርነው አብዛኞቻችን ወንዶች መሆናችንንም አሁን ነው ልብ ያልኩት። ሌሊት የሚነሳው ሌላ፣ ስብሰባ የሚቀመጠው ሌላ።

ጡረተኛው መምህር፦
ለውሃው መለኪያ ላቀብላችሁ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ ከ2008 እስከ 2012 ማለት ነው፣ ከ100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ሕዝብ ላላቸው ከተሞች የተያዘው ግብ በቀን ለአንድ ሰው 80 ሊትር ነበር። ደሴ በ1999ኙ ቆጠራ ራሱ ከ100 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራት። 80 ሊትር አራት ጀሪካን ነው። አምስት ሰው ላለበት ቤት በቀን ሃያ ጀሪካን። እማማን በቀን ስንት ጀሪካን እንደሚሞላላቸው ጠይቂና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጪ። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። በሊትር ሳይሆን በጀሪካን ይጻፍ፣ ሁሉም እንዲገባው።

ሌላም አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። ደብዳቤያችን በእሱ ቢከፈት ሸጋ ነው።

የቅሬው ሰብሳቢ፦
መምህር፣ አንቀጹ ይግባ፣ ግን ከላይ አይሁን። በአንቀጽ የሚጀምር ወረቀት ክስ ይመስላል። እኛ የምንሄደው ለመነጋገር ነው።

ከቦዩ ዳር ያለው ባለሱቅ፦
ውሃ ውሃ ትላላችሁ፣ እኔን የሚያጠፋኝ ውሃ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ከጦሳ የሚወርደው ጎርፍ ማረፊያው የኔ ሱቅ ነው። አምና አራት ኩንታል ዱቄት ሊጥ ሆኖብኛል። ቦዩ እኮ አለ። ውስጡ ግን ፌስታል፣ የላስቲክ ጠርሙስ፣ የጫት ገረባ ነው። ክዳኑን ደግሞ ማን እንዳነሳው እንጃ። ከላይ ያላችሁ የጣላችሁትን እኔ እየተቀበልኩ ነው። ቅድሚያው አዲስ ሰፊ ቦይ ይሁን።

ከላይኛው ሰፈር፦
ወንድሜ፣ ተቆጣ፣ እውነት አለህ። ግን የት እንጣለው? የጽዳት ማኅበሩ ጋሪ ኮብልስቶኑ ካለቀበት አያልፍም። ከዚያ በላይ ቁልቁለቱ ጭቃ ነው። የቆሻሻ ገንዳው ያለው ከዋናው አስፋልት ዳር ነው። ሰባ ዓመት ያለፋት እናቴ ጆንያ ተሸክማ እዚያ አትወርድም። እኔም ሥራ ነኝ። ሲመሽ ቦዩ ውስጥ እንጥላለን። አሳፋሪ ነው፣ ግን እንዲያ ነው።

ጸሐፊው፦
ይህን ባትጽፊ ኖሮ ለብዙ ሚሊዮን ብር ቦይ ልንጠይቅ ነበር። «በጀት የለም» ይሉን ነበር፣ እኛም አኩርፈን እንመለስ ነበር። በተአምር ቢሰጡንም በሁለት ክረምት ያው ይደፈን ነበር። ከሥሩ ያለው ጥያቄ ሌላ ነው። አንድ ገንዳ ወደ ላይ ይውጣልን፣ ጋሪ የሚያልፍበት መንገድ ይነጠፍልን፣ የተነሳው የቦይ ክዳን ይመለስ።

የቅሬው ሰብሳቢ፦
ጠረጋውን ለቅሬው ተዉት። ለቀብር የወጣ ሰው ለቦይም ይወጣል። የቀረ እንደ ቀብሩ ይቀጣል። ሰኔ ሳይገባ እንጨርሰዋለን።

ባለሱቁ፦
ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እፈራለሁ። አንዴ ከጠረግን «ነዋሪው ራሱ ይሠራዋል» ተብሎ ለዘለዓለም የኛ ሆኖ ይቀራል።

የቅሬው ሰብሳቢ፦
አብሽር። እኛ አካፋ ይዘን የምንወጣው እነሱ ቆሻሻውን የሚያነሳ መኪና በላኩበት ቀን ነው። ቀኑ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። መኪናው ካልመጣ አንወጣም።

ባለሱቁ፦
እንዲህ ከሆነ ተስማምቻለሁ።

ጸሐፊው፦
የቀበሌውን ጉዳይ በአጭሩ እንለፈው፣ ሁላችንም የምናውቀው ነው። እኔ ለአንዲት ወረቀት አራት ቀን ተመላልሻለሁ። አንድ ቀን ሲስተም የለም፣ አንድ ቀን መብራት የለም፣ ሁለት ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ከጀርባዬ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የዜጎች ቻርተር፣ ማለትም ቀበሌው እያንዳንዱን ጉዳይ በስንት ጊዜ እንደሚጨርስ ቃል የገባበት ወረቀት፣ ለዚያችው ጉዳይ 30 ደቂቃ ይላል። ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር እንጠይቅ፦ ሲስተም ሲጠፋ ጠዋት በር ላይ ይለጠፍ፣ የሚፈርም ተወካይ ይኑር። ይኸው ነው።

እንግዲህ ረቂቁ ሦስት ነገር ይዟል። አንደኛ፣ የውሃ ፈረቃው አስቀድሞ ይነገረን፣ በወሩ ውስጥ ከሚደርሰን ፈረቃም ቢያንስ ግማሹ ሌሊት ሳይሆን ቀን ይሁን። ሁለተኛ፣ ገንዳው፣ የጋሪው መንገድና ክዳኑ፣ ከኛ በኩል ጠረጋው። ሦስተኛ፣ የበሩ ማስታወቂያና ተወካዩ። የመንገድ መብራቱን ተውኩት። ለእኔም ከባድ ነበር፣ ግን አሥራ ሁለት ነገር የጠየቀ «በሂደት ላይ ነው» ተብሎ ይሸኛል።

መምህሩ፦
ከመሄዳችን በፊት ለአራት ሳምንት እንመዝግብ። ስብሰባ ላይ «ውሃ የለም» ስንል «አለ» ይሉናል። ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ደብተር ከያዝን ግን ክርክሩ ሌላ ይሆናል።

የገንዘብ ያዡ ልጅ፦
ለሃያ ቤት ሃያ ደብተር እገዛለሁ። ብሩን ከአባባ እቀበላለሁ፣ ደረሰኝ አመጣለሁ። እማማ ግን ደብተር አልፈለጉም። «መጻፍ አልችልም፣ ውሃ በመጣ ቁጥር ግድግዳው ላይ በከሰል እጭራለሁ፣ ሌሊት ከሆነ ረጅም፣ ቀን ከሆነ አጭር» አሉኝ። ዛሬ ጠዋት ሳልፍ አየሁት። አንድ ረጅም ጭረት አለ።