ኮሮና ከገባ ወዲህ ክንድ የሚሰጠኝ ጠፋ፤ ዓይነ ስውራን እንዴት እየተንቀሳቀሳችሁ ነው?

መምህሩ ከሆጤ (ሐምሌ 2012)

ሰላም ለሁላችሁ። ዓይነ ስውር ነኝ፤ የምኖረው ደሴ ነው። ይህን የምጽፈው በስልኬ ድምፅ አንባቢ ስለሆነ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ። ትምህርት ቤት ከመጋቢት ጀምሮ ዝግ ቢሆንም ባንክ አለ፣ ፋርማሲ አለ፣ ገበያ አለ፤ ቤት ተዘግቶ አይኖርም።

ከሆጤ ወደ ፒያሳ ያለውን መንገድ እግሬ ያውቀዋል። መሻገሪያ ላይ ስቆም ደግሞ ሳልጠይቅ ክንዱን የሚሰጠኝ ሰው አይጠፋም ነበር። ወሎ ነው፣ እንኳን ክንዱን ቤቱንም ይሰጥሃል። አሁን ሰው ሸሸኝ። አልፈርድበትም፣ ለነፍሱ ፈርቶ ነው። አንዱማ «እጅ መያዝ በአዋጅ ተከልክሏል» ብሎኝ ሄደ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የከለከለው መጨባበጥን ነው እንጂ ሰው ማሻገርን መች ከለከለ?

የበለጠ የሚያናድደኝ ግን ሊረዳኝ የሚመጣው ሰው አረዳድ ነው። እኔን ላለመንካት የኬኔን (የነጭ በትሬን) ጫፍ ይይዝና እንደ በግ ይጎትተኛል። ኬኑ መሬት ካልነካ ምኑን ኬን ሆነ! በቀደም እንዲህ እየተጎተትኩ አንድ እግሬ ክፍት ቱቦ ውስጥ ገባልኝ።

ማስኩም ሌላ ጣጣ ነው። የምታጠፍበትን ቅያስ የማውቀው በዳቦ ቤቱ ሽታ ነበር፤ አሁን ሽታው አይደርሰኝም። ከቅያስ የሚወጣው ነፋስም ጉንጬን ይነካኝ ነበር፣ እሱም ቀረ። ባንክ በር ላይ ደግሞ መሬቱ ላይ በኖራ ክብ ክብ አስምረዋል አሉ። ጥበቃው «ክቡ ላይ ቁም!» ይለኛል። የቱ ክብ?

እስቲ ንገሩኝ። ሰው ስትይዙ የቱን ነው የምትይዙት? ኬን በምን ታጸዳላችሁ? ሰልፍ ላይ ርቀቱን በምን ታውቃላችሁ? «ቤትህ ተቀመጥ» የሚለውን ምክር እናቴ ነግራኛለችና እሱን ተዉት።

የኮምቦልቻዋ

አብሽር ወንድሜ። እኔም እንዳንተው ዓይነ ስውር ነኝ። በየሳምንቱ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ለሥራ እመላለሳለሁ፤ ያልከው ሁሉ ደርሶብኛል።

አያያዙን ቀይረው። ሁላችንም የተማርነው ከክርን ከፍ ብሎ መያዝን ነው አይደል? አሁን ደግሞ ሕዝቡ ሁሉ «ስታስል በክርንህ ሸፍን» ተብሏል። እንግዲህ አስበው፣ ሰዉ የሚያስልበትን ቦታ ነው የምንይዘው! ስለዚህ እኔ ትከሻ ነው የምይዘው። መሪዬ ከፊት ይሆናል፣ እኔ ከኋላው ሆኜ ክንዴን ዘርግቼ መዳፌን ትከሻው ላይ አደርጋለሁ። አንድ እርምጃ ያህል እንርቃለን፣ ሁለታችንም ፊታችን ወደ ፊት ነው፣ አፍ ለአፍ አንገናኝም። ሲወርድና ሲወጣ ትከሻው ይነግረኛል። ክርን የሚሰጠውን ያህል መረጃ አይሰጥም፤ ደረጃ ላይ በአፉ እንዲነግረኝ አስቀድሜ እጠይቀዋለሁ። የቁመት ልዩነት ካለ ይከብዳል፣ ያን ጊዜ ጀርባው ላይ ከትከሻው ዝቅ አድርጌ እይዛለሁ።

ኬንህን ሲይዙብህ ደግሞ ዝም አትበል። እኔ ገና ሰው ሲጠጋኝ «ኬኔን አይንኩብኝ፣ ትከሻዎን ይስጡኝ፣ ማስክ አድርጌያለሁ» እላለሁ። አጭርና ጮክ ያለ። ማስክ ድምፅን ያፍናል፣ ቀስ ብለህ ስትናገር አይሰሙህም። ሰው የሚሸሸው ብዙ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ስለማያውቅ ነው፤ የሚያደርገውን ስትነግረው ይመጣል። ካልመጣም ሌላ ይመጣል።

እጆቼን ከፋፍያቸዋለሁ። ቀኝ እጄ የውጭ ነው፦ ኬን፣ የባጃጅ ብረት፣ ብር፣ በር ሁሉ በሱ። ግራዬ ለስልክና ለማስክ ብቻ። ግድግዳ መከተል ካለብኝ በእጄ አልዳብስም፣ የኬኑን ጫፍ ጥጉን አስይዤ እሄዳለሁ። ትከሻ ስይዝ ግን ግራዬም ትቆሽሻለች፤ ከመሪዬ እንደተለያየሁ ሳኒታይዘር።

ሰልፍ ላይ ኬኔ ራሱ ሜትሬ ነው። ክንዴንና ኬኑን ወደ ፊት ስዘረጋ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ገደማ ይሆናል። ጫፉ የሰው ጫማ ካገኘ ወደ ኋላ እላለሁ። መሬት ለመሬት ቀስ አድርገህ ግፋው እንጂ አታወዛውዘው፣ ጠብ ይነሳብሃል። ከኋላዬ ያለውን ግን አላውቀውም፤ ለሱ ጥበቃውን እጠይቃለሁ። «ክቡ ላይ ቁም» ካለህ «ና ድምፅህን አሰማኝና አቁመኝ» በለው። ክቡን ያሰመረው ለሚያይ ሰው ነው፣ ለኛ የሱ አፍ ነው ክቡ።

ታዛቢ 12

ሁሉም ጥሩ ነው፣ ግን ይሄ ሁሉ ጣጣ ከሚሆን ለምን ከቤት አንድ ሰው አይላክላችሁም? ለጊዜው ነው እኮ።

የኮምቦልቻዋ

ታዛቢ፣ ክፋት አስበህ እንዳልሆነ ይገባኛል። ግን እኔ ብቻዬን ነው የምኖረው። የሚላከው ማነው? የጎረቤት ልጅ ከሆነ እሱም ያው ሰው ነው፣ እሱም በሽታ ይዞ ይመጣል። ደግሞስ «ለጊዜው» የሚባለው ስንት ጊዜ ነው? መንገድ ካልሄዱበት ይረሳል። ቤት ከርሜ ስወጣ የአስፋልቱ ጠርዝ ጠፍቶኝ ነበር ወላሂ።

ነርሷ

ደሴ ጤና ውስጥ ነው የምሠራው። ሰው ለዓይኑ ብሎ ከየገጠሩ የሚመጣበት ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የኮሮና ሕሙማን ማከሚያ ከሆነ ወዲህ ብዙ ዓይነ ስውራን ጥያቄያቸውን ለኛ ነው የሚያመጡት። መምህር ጥያቄዎ ደስ ብሎኛል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላረጋጋዎ። መንካት እንደተፈራው ዋናው መንገድ አይደለም። ቫይረሱ ፕላስቲክና ብረት ላይ እስከ 3 ቀን ተገኝቷል የሚል ጥናት ወጥቶ ሁሉን አስደንግጧል፤ ግን ያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። በዋናነት የሚተላለፈው ከሰው አፍና አፍንጫ በሚወጣው ነው። ስለዚህ ትከሻ በመያዝዎ ሳይሆን ሁለታችሁም ማስክ ሳታደርጉ ፊት ለፊት ተጠጋግታችሁ በማውራታችሁ ነው የበለጠ የምፈራው። የሚመራዎ ሰው ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ ከሆነ አያዩትም፤ ስለዚህ ይጠይቁት፣ አይፈሩ። ድምፁ ጥርት ብሎ ከመጣልዎም ይጠርጥሩ።

ኬኑን በሳሙና ውሃ በነከሩት ጨርቅ ይጥረጉት። ውሃ ውስጥ አይዘፍዝፉት፣ ታጣፊ ከሆነ ውስጡ ላስቲክ አለው። ሰው የሚረሳው መታጠፊያዎቹንና እጀታውን ነው። በረኪና አይንካው፣ ብረቱን ይበላል፣ እጅዎንም ያቃጥላል። እቤት ሲገቡ በር ላይ ሚስማር መትተው እዚያው ይስቀሉት፣ አልጋና ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጡት። መጀመሪያ ኬኑን፣ ቀጥሎ እጅዎን ለ20 ሰከንድ።

ሳኒታይዘር ሲገዙ አልኮሉ ከ60 በመቶ በላይ መሆኑን ሻጩ ጽሑፉን እንዲያነብልዎ ያድርጉ፤ ሱቅ ላይ ሽታው ብቻ ያለው ውሃ ይሸጣል። አልኮል እሳት ይይዛል፣ ስለዚህ እጅዎ ሳይደርቅ ክብሪትና የከሰል ምድጃ አጠገብ አይሂዱ። ቡና የሚያፈሉ እናቶች ይህን ስሙልኝ።

ትኩሳት ወይም ሳል ከመጣብዎ ወደ ጤና ጣቢያ ከመውጣትዎ በፊት ወደ ኮሮና የስልክ መስመር 8335 ይደውሉ። ነፃ ነው።

ባለባጃጁ

እኔ አይናማ ነኝ፣ ደሴ ውስጥ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር እስከ ሰኞ ገበያ ነው የምሠራው። ጋሼ፣ ሾፌር ሁሉ ክፉ አይደለም፣ ግራ ይገባናል። ነጭ በትር የያዘ ሰው ሳይ ቆሜ «ባጃጅ ነው፣ ወዴት ነዎት?» እላለሁ። ድሮ እጁን ይዤ ብረቱ ላይ አደርግለት ነበር። አሁን ብረቱን ኳ ኳ አደርጋለሁ፣ በድምፁ ያገኘዋል። አንድ ሽማግሌ ናቸው ያስተማሩኝ። ሰው ከጫንኩም «ከኋላ አንድ ሰው አለ በስተግራ» እላለሁ፣ አለዚያ ጭኑ ላይ ነው የሚቀመጠው። ሸራውን ጠቅልዬ ነፋስ አስገባለሁ።

እናንተም አንድ ነገር አግዙን። ሒሳቡን ዝርዝር አድርጋችሁ ያዙ። አሁን ሰው ቀንሰን ስለምንጭን ታሪፉ ከፍ ብሏል፣ መልስ ስንሰጣጥ ነው እጅ ለእጅ የምንነካካው።

መምህሩ ከሆጤ

እናንተ ልጆች ኑሩልኝ። የትከሻው ነገር ገብቶኛል፣ ትናንት ፋርማሲ ስሄድ አንዲት ልጅ ትከሻዋን ሰጥታኝ ደህና ደረስን። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ፎጣ በሁለት ጫፍ ይዘን እንሂድ ይላል። ሜዳ ላይ ይሆናል፣ ግን የደሴን ዳገትና ደረጃ ፎጣ አይነግረኝም፣ ትቼዋለሁ። ብረቱን ኳ ኳ ማድረግ ግን ሸጋ ነው፣ ለሌሎቹም ሾፌሮች ንገርልኝ።

አንድ የቀረኝ ዝናቡ ነው። ክረምቱ ሲወርድ ቆርቆሮው ላይ ያለው ጩኸት መኪናውን ይሸፍንብኛል። ጃንጥላ ልያዝ ብል አንድ እጄ ሄደ። ማስኩም ይረጥብና መተንፈስ ያቅተኛል።

ነርሷ

የረጠበ ማስክ በደንብ አይከላከልም፣ ይቀይሩት። ሁለት ሦስት የጨርቅ ማስክ ይያዙ፣ ንጹሑን በአንድ ፌስታል፣ የረጠበውን በሌላ። እንዳይቀላቀልብዎ የአንዱን አፍ ይቋጥሩት። እቤት ሲገቡ በሳሙና አጥበው ያስጡት።

የኮምቦልቻዋ

ጃንጥላ ተወው፣ ራሱ ጆሮህ ላይ ነው የሚንኳኳው። እኔ ጠርዙ ሰፊ የሆነ ኮፍያና የዝናብ ልብስ ነው የምለብሰው፤ ከማስኩ ላይም ውሃውን ይመልስልኛል። የዝናብ ልብሱ ቆብ ግን ጆሮ ይደፍናል፣ ወደ ኋላ ጣለው። ዝናቡ ሲጠነክር መሻገሪያ ላይ ጆሮዬን አላምነውም። በረንዳ ፈልጌ እቆማለሁ፣ ወይ ሰው እጠራለሁ። ደሴ ላይ ሲያባራ ደግሞ ከቱቦው የሚወርደው ውሃ ድምፅ የቱቦውን አፍ ያሳውቅሃል፣ እሱን በደንብ ስማው።