ያገለገለ ቫን ለመግዛት የተዘጋጀ የፍተሻ ረቂቅ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ ከመቅረቡ በፊት አስተያየት የሚሰጥበት

የጥገና ተጠሪ፦
የቀድሞዋ ቫን ቴስታታዋ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) የተጣመመ መሆኑን ያወቅነው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ስለሆነ፣ ፍተሻው ከቀብድ በፊት እንዲደረግ የረቂቁ አንደኛ ነጥብ አድርጌዋለሁ። እንደደረስን ኮፋኖው ተከፍቶ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑ በእጅ ተዳሶ ይረጋገጥ፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከተገኘ ቀጠሮው ወደ ሌላ ቀን ይተላለፍ። ሞተሩ እንደተነሳ ጥቂት ነጭ ጭስ ታይቶ ቢጠፋ እርጥበት ነው፤ ከሞቀ በኋላም ካልቆመና የራዲያተሩ ውኃ የሚጎድል ከሆነ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ሊጠረጠር ይገባል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ያሳያል። የታይሚንግ ቺንጋ (የሞተሩን ክፍሎች እኩል የሚያስኬደው ቀበቶ) የተቀየረበት ደረሰኝ ካልቀረበ እንዳልተቀየረ ተቆጥሮ ወጪው ከዋጋው ላይ ይቀነስ። የጎን ተንሸራታች በሩ በአንድ እጅ ተስቦ የማይዘጋ ከሆነ መኪናዋ ውድቅ ትሁን።

ሒሳብ ያዥ፦
የመጨረሻውን ነጥብ አልቀበለውም። ሞተሩ ጤነኛ የሆነን መኪና የበር ሮለር (በሩ ሐዲዱ ላይ የሚሽከረከርበት) አልቋል ብለን ከተውን ገበያ ላይ የምንገዛው አናገኝም። ሮለር የሚቀየር ዕቃ ነው፤ ይሰረዝልኝ።

ሹፌር፦
አይሰረዝም። ያን በር ቀኑን ሙሉ የምከፍተውና የምዘጋው እኔ ነኝ።

የጥገና ተጠሪ፦
ሮለሩን ለብቻው ነጥለን አንየው። የመካከለኛው ሐዲድ ሮለር ሲያልቅ የበሩ የኋላ ጫፍ ይወርዳል፤ በዚያን ጊዜ የበሩ ቁልፍ የመኪናው አካል ላይ ያለውን መያዣ ከመሐሉ ዝቅ ብሎ ስለሚመታው የመያዣው ቀለም ተፍቆ ብረቱ ይታያል። ይህ ብቻ ከሆነ ቀላል ነው። የታችኛው ሐዲድ ተጣሞ ወይም ሥሩ ዝጎ ከተገኘ ግን መኪናዋ ከጎን ተመትታ ይሆናል፣ አለዚያም የወለሉ ጠርዝ ከውስጥ እየበሰበሰ ነው። ከበሩ ሥር ማግኔት ቢጠጋና ባይዝ፣ ላሜራው በስቱኮ ተሸፍኗል ማለት ነው።

የመጋዘን ኃላፊ፦
እኛ ዕቃ የምንጭነው ከኋላ ነው። የጎን በሩ ተበየደም ተከፈተም ለሥራችን ለውጥ የለውም።

ሹፌር፦
እርስዎ መጋዘን በር ላይ ቆመው ስለሚጭኑ ነው እንዲህ የሚሉት። ጠባብ መንገድ ላይ የኋላውን በር ከፍቶ ማራገፍ ምን እንደሚመስል አንድ ቀን አብረውኝ ወጥተው ቢያዩ ይህን አይጽፉም ነበር።

የመጋዘን ኃላፊ፦
ሥራዬን እንዲያስተምሩኝ አልጠየቅሁም። የቀድሞዋ ቫን የተገዛችው እኮ «ለመንዳት ትመቻለች» በሚል የእርስዎ ምስክርነት ነው።

ሰብሳቢ፦
ሁለታችሁም ተዉ። የቀድሞው ግዢ በቃለ ጉባኤ የተዘጋ ስለሆነ እዚህ አይነሳም። በሌላ በኩል የኮምፒውተር ምርመራ መሣሪያ አመጣለሁ ያሉት አባል ድምፃቸው ጠፍቷል፤ በስልክም አልተገኙም።

አንድ አባል፦
ስለ ኋላ እግር የተጻፈ ነገር ባለማየቴ ነው የምጽፈው። እ.ኤ.አ. የ1996ቱ ሲትሮይን በርሊንጎና መንትያዋ ፔጆ ፓርትነር፣ ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች) ሳይሆን ከአክሱሉ ቱቦ ውስጥ የተገጠመ ኩሽኔታ አላቸው፤ እርጥበት ገብቶ ሲበላው የኋላ ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ። ከኋላ ራቅ ብሎ ቆሞ ማየት በቂ ነው፤ ጥገናው ግን አክሱሉን እስከ ማውረድ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. የ2004ቱ ፎልክስዋገን ካዲ ከኋላ ባሌስትራ ስለሆነች የእሷ ፍተሻ የተሰበረ ቅጠል ፍለጋ ነው። ይህ ከበሩ ይልቅ ገንዘብ ያስወጣናል።

ሹፌር፦
ትክክል ነው፣ ይጨመር። በሩ ግን ይቆይ።

ሒሳብ ያዥ፦
እንግዲያው «ውድቅ ትሁን» የሚለው «ሐዲዱ የተጣመመ ወይም ሥሩ የዛገ ከሆነ» በሚል ይታረም፤ ሮለር ብቻ ከሆነ ዋጋ ይቀነስበት። ከዚህ በላይ አልሄድም።

የመጋዘን ኃላፊ፦
በዚህ እስማማለሁ። በሩ ይህን ያህል የሚያስፈልግ ከሆነ ግን ለምን በአንድ ጎን ብቻ ይሆናል? በሁለቱም ጎን ተንሸራታች በር ያላትን እንፈልግ፤ ሹፌሩ ያነሱት የጠባብ መንገድ ችግርም በዚያው ይፈታል።

ሹፌር፦
ይህን ከልቤ እደግፋለሁ። ቅድም ስለተናገርኩትም ቅር አይበልዎት።

የጥገና ተጠሪ፦
ረቂቁ የፍተሻ ደንብ ነው፤ የምንገዛው መኪና ዓይነት ምርጫ አይደለም። ሁለት በር ማለት ሁለት እጥፍ ሮለርና ሐዲድ መመርመር ነው። ስለ ፍሪሲዮኑ፣ ማለትም በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ ቤንዚን ሲሰጥ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ አልቋል ስለሚባለው ነገር፣ እስካሁን ማንም አስተያየት አልሰጠም።

ሰብሳቢ፦
ሁለት ተንሸራታች በር የሚለው አብዛኛውን ድጋፍ ስላገኘ በረቂቁ አንደኛ ነጥብ ይሆናል፤ የሞተሩና የፍሪሲዮኑ ፍተሻ በአባሪ ይያያዝ። ማግኔቱን ማን ይዞ እንደሚሄድ እስከ ነገ ማታ አሳውቁኝ።